ከገጽ ሦስት እስከ አምስት

(ኮምቦልቻ፤ የአንድ ቤተ መጻሕፍት የወጣቶች ክፍል ቢሮ። ነሐሴ፣ ከሰዓት በኋላ። የመጻሕፍት ገምጋሚዋ ወይዘሮ አንጓች እና ሠዓሊው እንድሪስ በአንድ የግምገማ ቅጽ ላይ ተፋጠዋል።)

እንድሪስ፦ «ለወጣት አንባቢያን አይመከርም» ብለው ጽፈው ሲያበቁ ሻይ ልዘዝልህ ይሉኛል፣ እትዬ አንጓች?

አንጓች፦ ሻዩ ከግምገማው ጋር ምን አገናኘው? ተናደህ እንዳትወጣ ብዬ ነው። ዝናቡም አላባራም።

እንድሪስ፦ ልቦለዱን በሥዕል ለመተረክ ሁለት ዓመት ሙሉ የደከምኩበት ሥራ ነው። መቶ አርባ ገጽ። አሳታሚው ያለ እርስዎ ፊርማ ወደ ማተሚያ ቤት አልልከውም ብሏል፤ ይህንን ያውቃሉ።

አንጓች፦ አውቃለሁ። ለዚህም ነው ሦስቴ ያነበብኩት። ሌላውን ሰው አንዴ አንብቤ ነው የምጥለው።

እንድሪስ፦ እኔንስ ሦስቴ አንብበው ጣሉኝ። ምኑ ነው ያስቀየመዎት? ጭራቆቹ ከሆኑ ላሳንሳቸው።

አንጓች፦ ጭራቆቹ ምን አደረጉኝ? ደህና ጭራቆች ናቸው። ያ ባለ ሦስት ምላሱማ የድሮ የሒሳብ አስተማሪዬን ቁርጥ ነው።

እንድሪስ፦ እንግዲያው ሥዕሉ ነው።

አንጓች፦ ሥዕሉን ተወው። ሐይቁ ሥር ያለውን ከተማ ስገልጥ ገጹን ማለፍ አቃተኝ። ያ ሁሉ ሰው ጫማውን በእጁ ይዞ፣ ሰልፍ ይዞ ሲጠብቅ... ልቦለዱ ላይ ሳነበው እንደዚያ ሆኖ አልታየኝም ነበር።

እንድሪስ፦ ልቦለዱ ላይ ያለውን ነው እኮ የሳልኩት። ሞታቸው ለቤተሰብ ያልተነገረ ሰዎች መርዶአቸው እስኪነገር ድረስ መሻገር አይችሉም፤ ሐይቁ ሥር ቆመው ይጠብቃሉ። ልጅቷም አባቷን ፍለጋ ወርዳ እዚያ ታገኘዋለች። አንድ ነገር አልጨመርኩም።

አንጓች፦ አልጨመርክም፤ ቦታ ግን ቀይረሃል። ደራሲው የአባትየውን ሞት እስከ መጨረሻው ምዕራፍ ይዞብን ነበር። ልጅቷ «ሩቅ አገር ሄዷል» የተባለችውን አምና ስትፈልገው እኛም አብረናት እንፈልጋለን። አንተ ደግሞ ገና አንባቢው ወንበሩ ላይ ሳይደላደል ገጽ ሦስት ላይ ሬሳ ዘረጋህለት።

እንድሪስ፦ ሬሳ የለበትም። በቅሎዋ ጭነቷን እንደያዘች ብቻዋን ትመለሳለች፣ ጎረቤቱ ይሰበሰባል፣ ለልጅቷ እንዳይነገር ይማማላል። በቃ። ሦስት ገጽ፣ ያለ አንድ ቃል።

አንጓች፦ ያለ ቃል መሆኑ ነው የከፋው። ቃል ቢሆን ልጅ ዘሎት ያልፋል። ሥዕል ግን ዓይኑ ውስጥ ይገባበታል።

እንድሪስ፦ በጽሑፍ መደበቅ ይቻላል፣ እትዬ። በሥዕል ግን የጎረቤቶቹን ፊት መሳል አለብኝ። ሁሉም የሚያውቅ፣ ሁሉም ዝም ያለ ፊት። አንባቢው ነገሩን ካላወቀ እነዚያ ሴቶች ክፉ መስለው ነው የሚታዩት፤ ልጅቷ ላይ የሚዶልቱ። ሳያውቅ እንዳይጠላቸው ብዬ ነው ገጽ ሦስትን ፊት ያመጣሁት።

አንጓች፦ አነጋገርህ ያምራል። የሙከራ አንባቢዬ ግን አልገባትም።

እንድሪስ፦ የሙከራ አንባቢ?

አንጓች፦ ልማዴ ነው። ለልጆች የተዘጋጀ ነገር ብቻዬን አንብቤ ፈርሜ አላውቅም። ለአንድ ልጅ እሰጠዋለሁ፤ የመሰለውን በወረቀት ያሰፍርልኛል። ያቺ ልጅ ታዲያ ታሪኩ ከመሃል የጀመረ ይመስላል ብላለች።

እንድሪስ፦ ወረቀቱን አሳዩኝ።

አንጓች፦ አይሆንም።

እንድሪስ፦ ስሟ አለበት?

አንጓች፦ ስም አይጻፍበትም፤ ደንባችን ነው።

እንድሪስ፦ ስም ከሌለበት እኔ ባየው ማን ይጎዳል? የጣለችኝን ልጅ ቢያንስ ቃሏን ልስማ።

አንጓች፦ አንተ ልጅ ስትነዘንዝ እኮ... እንካ። እኔም ከመጀመሪያዋ መስመር አላለፍኩም።

እንድሪስ፦ ለምን?

አንጓች፦ ሥራ በዛብኝ። አንብብ።

እንድሪስ፦ «ታሪኩ ከመሃል የጀመረ ይመስላል። ከገጽ ሁለት በቀጥታ ወደ ገጽ ስድስት ይሄዳል።» ... እትዬ አንጓች?

አንጓች፦ ወዬ።

እንድሪስ፦ ከገጽ ሁለት ወደ ገጽ ስድስት?

አንጓች፦ ስትቆጥር ተሳስታ ይሆናላ።

እንድሪስ፦ ቁጥሩን እኔ ነኝ በእጄ የጻፍኩት፤ አይሳሳትም። ገጽ ሦስት፣ አራት፣ አምስት እጇ አልገቡም ማለት ነው። ተሟግተን የጨረስነው እኮ ስለ እነዚህ ሦስት ገጾች ነው። ማን አወጣቸው?

አንጓች፦ ቁጭ በል መጀመሪያ።

እንድሪስ፦ አልቀመጥም።

አንጓች፦ እኔ ነኝ። እዚህ መሳቢያ ውስጥ ናቸው። አልታጠፉም፣ አልቆሸሹም።

እንድሪስ፦ ሦስት ገጽ ነቅለው «ታሪኩ ከመሃል የጀመረ ይመስላል» ይሉኛል? ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ መጽሐፍ የገመገሙት ሴትዮ? ሰው ቢነግረኝ ወላሂ አላምንም ነበር።

አንጓች፦ እኔም ብሆን አላምንም። ስድቡ ካለቀ ተቀመጥ፣ ካላለቀ ጨርስ። ይገባኛል።

እንድሪስ፦ አልሰደብኩም። ገባኝ ብል ደስ ይለኝ ነበር እንጂ... ቆይ። ይሄ ምንድን ነው?

አንጓች፦ ምኑ?

እንድሪስ፦ ወረቀቱ ዳር ላይ ጫማ ስላበታለች። ከተረከዙ ጀምራ። ጫማን ከተረከዙ የምትጀምር ልጅ በዚህ ከተማ አንድ ናት። ቅዳሜ ቅዳሜ እዚሁ አዳራሽ ውስጥ ሥዕል የማስተምራት እኔ ነኝ እኮ። ይቺ መክሊት ናት። የወንድምዎ ልጅ። ለራስዎ ልጅ ነው ገጽ ነቅለው የሰጡት?

አንጓች፦ አዎ።

እንድሪስ፦ ምን ብለው? መክሊት እኮ ከእርስዎም ከእኔም የተሻለ አንባቢ ናት። በቅሎ ብቻዋን ስትመለስ ብታይ ምን ትሆናለች? ... እትዬ፣ ይሄ ጥቁር ሻሽ። ለዚህ ጉዳይ ስመላለስ ሦስት ሳምንቴ ነው፤ አንድም ቀን ጥቁር ሳያደርጉ አላየሁዎትም። የሩቅ ዘመድ ይሆናል ብዬ ነው ያልጠየቅኩት።

አንጓች፦ በሩን ግጥም አድርገህ ዝጋው።

እንድሪስ፦ ዘግቼዋለሁ።

አንጓች፦ ሽመልስ አርፏል። ወንድሜ። ሚያዝያ ሃያ ሦስት ቀን፣ ጭነት ይዞ ወደ ጅቡቲ ሲሄድ ሚሌን አለፍ እንዳለ መኪናው ተገለበጠ። ወረኢሉ ወስደን ቀበርነው። ለሷ የመጽሐፍ አያያዝ ሥልጠና ነው ብያት ነበር የሄድኩት። አርባውንም ሌላ ሥልጠና ብዬ።

እንድሪስ፦ ... ነፍስ ይማር። እትዬ፣ አላወቅኩም።

አንጓች፦ ከሷ በቀር ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል። አንተ ከደሴ እየተመላለስክ ስለሆነ ነው።

እንድሪስ፦ ሐምሌ ላይ ግን መክሊት አባቴ ከጅቡቲ የቀለም ሳጥን ይዞልኝ ይመጣል ብላኛለች። መልእክት ልኮልኛል ብላ ስልኳን አውጥታ አሳይታኛለች።

አንጓች፦ የላኩላት እኔ ነኝ።

እንድሪስ፦ ምኑን?

አንጓች፦ መልእክቱን። ስልኩ ከአደጋው ተርፎ እኔ እጅ ነው የገባው። «አባዬ፣ የት ደረስክ?» ብላ ስትልክ ዝም ብዬ ላየው አልቻልኩም። «ጅቡቲ ነኝ፣ መኪናው ተበላሽቶ ነው» ብዬ ጻፍኩ። አንድ ቀን ነው ብዬ። ሌላ ቀን ደግሞ ላከች። የቀለም ሳጥን ስትለኝ እሺ አልኳት። ይሄው ከተማውን ሁለት ጊዜ ዞርኩት፤ እሷ ያለችው ዓይነት የለም።

እንድሪስ፦ አራተኛ ወሩ ነው።

አንጓች፦ ቆጥሬዋለሁ፤ አትንገረኝ። ያን ጊዜ ዘመድ ተሰብስቦ የስምንተኛ ክፍል ፈተናዋን ትጨርስ አለ። እውነት ነው፣ ሰኔ ቅርብ ነበር፤ ማንም ቤት የሚደረግ ነው። ፈተናው አለቀ። ውጤቷ ይምጣ ተባለ። ውጤቷ መጣ፤ ከክፍሏ አንደኛ ወጣች። በዚያ ቀን እንዴት አድርጌ ልንገራት? አሁን ደግሞ ዘጠነኛ ትመዝገብ፣ መስቀል ይለፍ ተብሏል።

እንድሪስ፦ እርስዎስ?

አንጓች፦ እኔ ምን?

እንድሪስ፦ መቼ አለቀሱ?

አንጓች፦ እዚሁ። ከጂኦግራፊ መጻሕፍቱ ኋላ። እዚያ መደርደሪያ ጋ ሰው አይመጣም። እሷ እኔው ጋ ስለምትኖር ቤት ስገባ ፊቴን ታጥቤ ነው። ሻሹንም እቀይራለሁ።

እንድሪስ፦ እሺ፣ ይሄ ሁሉ እያለ መጽሐፉን ለምን ሰጧት?

አንጓች፦ የሙከራ አንባቢዬ ሁልጊዜ እሷ ናታ። መጽሐፉ እኔ ጋ እንዳለም ታውቃለች፤ አንተው ነህ በክፍል ያወራህላት። «የጋሽ እንድሪስ መጽሐፍ አልደረሰም ወይ?» እያለች ስትወተውተኝ ከለከልኳት ማለት ነገርኳት ማለት ሆነብኝ። ሦስቱን ገጽ ባወጣ እንደ ማንኛውም የጭራቅ ታሪክ አንብባው ትስቃለች አልኩ። ሃያ ስድስት ዓመት መጽሐፍ ያነበበች ሴት ያሰበችው ይሄን ነው።

እንድሪስ፦ እንግዲህ እኔ ላይ «አይመከርም» የተጻፈው...

አንጓች፦ መጽሐፍህ ከታተመ ሙሉውን ታገኘዋለች። ይሄን ነው የፈራሁት። ሌላ ጥፋት የለብህም። ሁለት ዓመትህን በሷ ምክንያት ልቀብርብህ ነበር፤ ይቅር በለኝ።

እንድሪስ፦ እኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር።

አንጓች፦ ምን?

እንድሪስ፦ እናቴ። አዲስ አበባ ሕክምና ላይ ናት ይሉኝ ነበር። ስኳር ግዛ ተብዬ ስላክ ባለሱቁ ሳያስበው «ለእናትህ አላህ ይዘንላት» አለኝ። ስኳሩን ይዤ ተመለስኩ። ለማንም አልተናገርኩም።

አንጓች፦ ለምን አልተናገርክም?

እንድሪስ፦ አያቴ እንዳትደነግጥ። እኔ እንዳወቅኩ ካወቀች የምታለቅስ መሰለኝ። ዓመት ሊሆን ምንም ሲቀረው የማያውቅ መስዬ ኖርኩ። «እናትህ ሰላም ብላሃለች» ሲሉኝ «እናንተም ሰላም በሉልኝ» እላለሁ። በመጨረሻ ሽማግሌዎች መጥተው መርዶውን ሲነግሩኝ እንባ አልመጣልኝም። ከዘመዶቼ አንዷ «ይሄ ልጅ ልበ ደረቅ ነው» አለች፤ እስከ ዛሬ ትዝ ይለኛል። ደራሲውን ሄጄ ይሄን መጽሐፍ ልሳለው ብዬ የለመንኩት ለዚህ ነው።

አንጓች፦ መክሊት ግን አታውቅም። ብታውቅ ፊቷ ላይ አየው ነበር።

እንድሪስ፦ አያቴም እንደዚያ ትል ነበር።

አንጓች፦ አታስፈራራኝ።

እንድሪስ፦ ወረቀቱን ልጨርሰው?

አንጓች፦ ... አንብበው። ጮክ ብለህ አይደለም። ለእኔ እንዲሰማኝ ያህል።

እንድሪስ፦ «ገጽ አሥራ አንድ። ልጅቷ ስትገባ ሴቶቹ ወሬ ያቆማሉ። አንዷ የያዘችውን ሰፌድ ታገላብጣለች። ትክክል ነው፣ እንደዚህ ነው የሚያደርጉት።»

አንጓች፦ ይሄ ስለ ሥዕሉ ነው። ጥሩ ብላሃለች።

እንድሪስ፦ «ገጽ ሃያ ስድስት። አክስቷ ወደ ቤት ከመግባቷ በፊት ከአጥሩ ውጭ ቆማ ጥቁሩን ሻሽ ታወልቅና ባለ አበባውን ታስራለች። ልጅቷ በመስኮት ታያታለች። ይህን ሥዕል በጣም ወድጄዋለሁ፤ ግን ያሳዝናል።» እትዬ፣ ገጽ ሃያ ስድስት ላይ ያለው ጀልባ ነው።

አንጓች፦ የምን ጀልባ?

እንድሪስ፦ ጀልባ፣ ውኃ፣ ሌላ ምንም የለበትም። መጽሐፉ ውስጥ አክስት የሚባል ሰው የለም። ልጅቷ ከእናቷ ጋር ነው የምትኖረው። እንዲህ ያለ ሥዕል አልሳልኩም።

አንጓች፦ ከአጥሩ ውጭ ነው የምቀይረው። ከኮባው ጥግ። ማንም አያይም ብዬ።

እንድሪስ፦ ይብቃን?

አንጓች፦ ቀጥል።

እንድሪስ፦ «ገጽ አርባ። ልጅቷ ለአባቷ ደብዳቤ ትልካለች፤ መልስም ይመጣላታል። የምትጽፈው አክስቷ እንደሆነች ታውቃለች። መላኩን ያላቆመችው አክስቷ መልስ ስትጽፍ ትንሽ ደስ የሚላት ስለሚመስላት ነው።» ይሄም የለም። ደብዳቤ የሚባል ነገር መጽሐፉ ውስጥ የለም።

አንጓች፦ አሥራ አንድ ቀኗ ነው መልእክት ካቆመች። መጽሐፉን ከጨረሰች ወዲህ አንድም አልላከችም። ትምህርት ቤት ምዝገባው ነው ያሯሯጣት እያልኩ... አይ መክሊት። አይ የኔ ልጅ። እኔን ስታባብል ነው የከረመችው?

እንድሪስ፦ ያልቅሱ እትዬ። ሰው የለም።

አንጓች፦ ዕድሜዬ ስንት ነው? ልጅ ናት እኮ። አሥራ አራት ዓመቷ ነው። ለእኔ ብላ ሳቀች፣ ለእኔ ብላ የቀለም ሳጥን ለመነች። የኔን ሐዘን ስትጠብቅ የራሷን የት አደረገችው?

እንድሪስ፦ እዚህ ወረቀት ላይ። ሌላ ማስቀመጫ አጣች መሰለኝ።

አንጓች፦ አሁንም የቀረ አለ?

እንድሪስ፦ አንድ መስመር።

አንጓች፦ እሱንም አንብበው።

እንድሪስ፦ «የመጨረሻው ገጽ ላይ ልጅቷ መርዶውን ስትሰማ ብቻዋን ናት። ይህ መስተካከል አለበት። ሰው አጠገቧ ይሳል።»

አንጓች፦ ይሄስ? ይሄም የራሷ ነው?

እንድሪስ፦ አይ። ይሄ ያለ ነው። የሐይቁ ዳር፣ ልጅቷ ብቻዋን፣ ዙሪያዋ ነጭ ወረቀት። የኮራሁበት ገጽ ነበር።

አንጓች፦ እኔም «በጣም የተሳካ» ብዬ ጽፌበታለሁ።

እንድሪስ፦ አልተሳካም። አጠገቧ ሰው መሳል አስቤ አላውቅም። እኔ ስሰማ ብቻዬን ስለነበርኩ እንደዚያ ነው የሚሰማው ብዬ ሄድኩ። ስኳር ይዤ የቆምኩበትን መንገድ ነው የሳልኩት፤ ልጅቷን አልሳልኳትም። አንድ ልጅ እስኪነግረኝ አላየሁትም።

አንጓች፦ ቅጹን አምጣው። ያን ቃል ሰርዤ ልፈርምልህ። ሦስቱ ገጾች እቦታቸው ይመለሱ።

እንድሪስ፦ አይፈርሙ።

አንጓች፦ ለፊርማ አይደለም እንዴ ከደሴ በዝናብ የመጣኸው?

እንድሪስ፦ የመጨረሻውን ገጽ እንደገና ልስራው። እንደዚህ ሆኖ አይታተምም። አሳታሚው ከጠበቀ ይጠብቅ፤ ካልጠበቀም ሌላ እፈልጋለሁ።

አንጓች፦ ሁለት ዓመት ሠርተህ?

እንድሪስ፦ ሁለት ዓመት ተሳስቼ። እርስዎስ? መስቀል ይለፍ ያሉት ዘመዶችዎ...

አንጓች፦ ለዘመድ ዛሬውኑ እደውላለሁ። ይቆጡኝ፣ ለብቻሽ ቸኮልሽ ይበሉኝ። አራት ወር ሰማኋቸው። ሽማግሌዎቹም ይምጡ፣ ወጉ ነው፣ አልከለክልም።

እንድሪስ፦ ምን ብለው ይነግሯታል? እሷ እኮ ታውቃለች።

አንጓች፦ ማወቋን ማንም አያውቅም፤ እኔና አንተ ብቻ ነን። ስታለቅስ እንደማንኛውም ልጅ ታልቅስ። ባታለቅስም ልበ ደረቅ የሚላት ሰው አጠገቧ አይቀመጥም።

እንድሪስ፦ መቼ ነው?

አንጓች፦ ነገ፣ ሊነጋጋ ሲል። አንተ ግን ዛሬ ደሴ አትመለስ፤ እዚሁ እደርና ሽማግሌዎቹ ሳይደርሱ ቤት ና። በወጉ የቤት ሰው አይናገርም፤ በአባቷ ስልክ የዋሸኋት ግን እኔ ነኝና የምነግራት እኔ ነኝ፤ አጠገቧ የምትቀመጠው አንተ ነህ።